የጀማሪ ሳጥንና ሦስት ሲኒዎች፦ የአርዱኢኖ ኡኖ መማሪያ ኪት ግምገማ

ሥራዬ ሥዕል ነው፤ ስለ ኤሌክትሪክ የማውቀውም አምፖል ከመቀየር አያልፍም ነበር። ካለፈው መስከረም ጀምሮ ግን፣ ከብሩሽና ከሸራ ጎን ለጎን፣ በገበያ «የጀማሪ ኪት» እየተባለ የሚሸጠውንና በኮምፒውተር በሚጻፍ ትእዛዝ ከሚሠራው፣ አርዱኢኖ ኡኖ ከተባለው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ (ቦርድ) ጋር የሚስማማውን የኤሌክትሮኒክስ መማሪያ ሳጥን ይዤ ስሠራ ቆይቻለሁ። የገዛሁት አንድ የተወሰነ ሥራ ይዤ ነው፦ ጎብኚው በእጁ ሲነካው በድምፅና በብርሃን የሚመልስ የቡና ረከቦት። በዚህ ግምገማ ሳጥኑ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ እስከ የት እንደሚያደርስ፣ የት ላይ እንደሚያቆምና አንድ ጀማሪ ከመግዛቱ በፊት ምን ማየት እንዳለበት እናገራለሁ።

ሥራውን አስቀድሜ ልግለጽ፤ ያለ እርሱ ሳጥኑን መመዘን አይቻልምና። ረከቦቱ ላይ ሦስት ሲኒዎች ይደረደራሉ፤ አቦል፣ ቶናና በረካ። ጎብኚው የመጀመሪያውን ሲኒ ሲያነሣ ቡና ሲቆላና ሲወቀጥ ይሰማል። ሁለተኛውን ሲያነሣ በቀድሞው ሰፈራችን ቡና ላይ የቀዳሁት የጎረቤት ጨዋታ ይቀጥላል፤ ሦስተኛውን ሲያነሣ ደግሞ የአንዲት አዛውንት ምርቃት ይመጣል። አቦልን ሳያነሣ በቀጥታ ወደ በረካ የሄደ ሰው ዝምታ ብቻ ይጠብቀዋል። ከጀበናው ሥር ፍም የሚመስል ቀይ ብርሃን አለ፤ ሲኒዎቹ ለረጅም ጊዜ ሳይነኩ ከቆዩ እየደበዘዘ ይሄዳል። ወደ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ በር ዘግተን ለየብቻችን የምንጠጣው ቡና እጅግ ያሳስበኛል። ይህንን በሸራ ላይ ብዙ ጊዜ ሞክሬዋለሁ፤ ሲኒውን የሚያነሣ እጅ ከሌለበት ግን ሥራው ጎደሎ ሆኖ ይቀርብኛል።

በአገራችን የሽቦና የሥነ ጥበብ ትውውቅ አዲስ አይደለም። ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ የተጣሉ የኮምፒውተር ሰሌዳዎችንና የኤሌክትሪክ ሽቦዎችን እየገመደና እየደረደረ፣ በትልልቅ የውጭ ሙዚየሞች ጭምር የተሰቀሉ ሥራዎችን ሠርቷል። በእነዚያ ሥራዎች ፊት በቆምኩ ቁጥር የሚይዘኝ፣ ኤሌክትሪክ የተለየው ሽቦ መስመርና ቀለም ሆኖ ሁለተኛ ሕይወት ማግኘቱ ነው። እኔ ደግሞ የፈለግሁት ገና ኤሌክትሪክ የሚሄድበትን ሽቦ ነበር፤ ለዚህም ከፊደል ገበታው መጀመር ነበረብኝ።

ሳጥኑ ለዚህ ተገቢ መነሻ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። አርዱኢኖ በ2005 እ.ኤ.አ. በሰሜን ጣልያን፣ ኢቭሪያ በተባለች ከተማ በነበረ የዲዛይን ተቋም ውስጥ የተወለደ ሲሆን፣ የታሰበውም ለመሐንዲሶች ሳይሆን ኤሌክትሮኒክስ ላልተማሩ የዲዛይን ተማሪዎች ነበር። ስሙን ያገኘው መሥራቾቹ ይሰበሰቡበት ከነበረ መጠጥ ቤት ነው፤ መጠጥ ቤቱም ስያሜውን የወሰደው አርዱኢን ከተባለው የጥንት ንጉሥ ነበር። ኡኖ የተባለው ቦርድ የወጣው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። ንድፉ ለማንም ክፍት በመሆኑ ልዩ ልዩ ፋብሪካዎች ተመሳሳዩን እየሠሩ በርካሽ ይሸጣሉ። የእኔም ሳጥን ከእነዚህ አንዱ ነው።

በሳጥኑ ውስጥ ቦርዱ ከነዩኤስቢ ኬብሉ፣ 830 ቀዳዳ ያለው ብሬድቦርድ (ሽቦና ዕቃ የሚሰካበት ሰሌዳ)፣ አንድ እቅፍ ጃምፐር የተባለ ማገናኛ ሽቦ፣ የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገቱ በየዓይነቱ ሬዚስተሮች፣ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ኤልኢዲ የተባሉ ጥቃቅን አምፖሎች፣ ቁልፎች፣ የርቀት ሴንሰር፣ ሦስት የብርሃን ሴንሰሮች፣ ወደ ታዘዘው ማዕዘን የሚዞር አንድ ትንሽ ሰርቮ ሞተር፣ የጽሑፍ ማሳያና ሪሞት ይገኛሉ። ቦርዱ ሽቦ የሚሰካባቸው 14 ዲጂታል እግሮችና የሴንሰርን ንባብ በቁጥር የሚቀበሉ 6 አናሎግ መግቢያዎች አሉት፤ ከዲጂታሎቹ መካከል ስድስቱ፣ ማለትም 3፣ 5፣ 6፣ 9፣ 10 እና 11 ቁጥሮቹ፣ ብርሃንን ማደብዘዝ ይችላሉ። ለሦስት ሲኒና ለስድስት የፍም አምፖሎች ከበቂ በላይ ነው። እንደ ሠዓሊ ከሁሉ በላይ የወደድኩት ብሬድቦርዱን ነው። ያለ ምንም ብየዳ ሽቦውን ሰክቶ ማየት፣ ካልሆነ ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከል፣ በከሰል ንድፍ አውጥቶ በዳቦ ከማጥፋት ጋር ይመሳሰላል።

የመጀመሪያው ትምህርት ቀላል ነበር። ከቦርዱ የሚወጣው 5 ቮልት፣ ቀይ ኤልኢዲ ለራሱ የሚወስደው 2 ቮልት ገደማ፣ የቀረውን 3 ቮልት የሚሸከመው 220 ኦም ሬዚስተር፤ ሦስትን ለ220 ስናካፍል 14 ሚሊአምፔር ገደማ ይመጣል። ይህም ለአንድ እግር ከሚመከረው 20 ሚሊአምፔር በታች ስለሆነ አምፖሉም ቦርዱም በሰላም ይሠራሉ። ሬዚስተሩን ትቶ አምፖሉን በቀጥታ የሚሰካ ሰው ግን አምፖሉን ወይም የቦርዱን እግር፣ አንዳንዴም ሁለቱንም ያቃጥላል። የሳጥኑ መመሪያ ይህንን ስሌት በአንድ መስመር ያልፈዋል፤ እኔ ግን ጀማሪው ሌላ ምንም ባያነብ ይህን ብቻ በወረቀት ላይ በእጁ ሠርቶ እንዲያልፍ አጥብቄ እመክራለሁ።

ሬዚስተሮቹ ላይ ከባድ ቅሬታ አለኝ። አካላቸው ሰማያዊ፣ መጠናቸውን የሚነግረው የቀለም ቀለበታቸውም አምስት ነው። በዚህ አቆጣጠር የ10 ኪሎኦሙ ቀለበቶች ቡኒ፣ ጥቁር፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ቡኒ ሲሆኑ የ1 ኪሎኦሙ ደግሞ ቡኒ፣ ጥቁር፣ ጥቁር፣ ቡኒ፣ ቡኒ ናቸው። ልዩነታቸው አራተኛዋ ቀለበት ብቻ ናት። በሰማያዊ መደብ ላይ በስሱ የተቀባ ቀይ ወደ ቡኒ እንደሚያደላ ማንኛውም ቀለም የሚቀይጥ ሰው ያውቃል፤ እኔ ግን ዕውቀቱ እያለኝ ሁለት ቀን ሙሉ ተሳስቼበታለሁ። የብርሃን ሴንሰሩን በ10 ኪሎኦም ፋንታ በ1 ኪሎኦም አያይዤው ስለነበር፣ ከዜሮ እስከ 1023 መድረስ የሚችለው ንባብ የጠዋት ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር እንኳ ከ500 አልዘለለም። ሴንሰሩ የተበላሸ መስሎኝ ልመልሰው ተነሥቼ ነበር። በሰፈራችን ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ አንድ ጋሼ ግን መልቲሜትር የተባለውን የኤሌክትሪክ መለኪያቸውን ሬዚስተሩ ላይ ካሳረፉ በኋላ፣ «ልጄ፣ ዓይንህን አትመነው፤ ለካው» አሉኝ። ሬዚስተሩን ስቀይር ንባቡ ወዲያው ከ900 በላይ ወጣ። በሳጥኑ ውስጥ መልቲሜትር የለም፤ እንደ እኔ እምነት ከሪሞቱና ከጽሑፍ ማሳያው ይልቅ እርሱ ቢኖር በብዙ እጥፍ ይጠቅም ነበር።

የርቀት ሴንሰሩን በተመለከተ የደረሰብኝ ለየት ያለ በመሆኑ ዘርዘር አድርጌ ልንገር። የመጀመሪያው ሐሳቤ ጎብኚው ወደ ረከቦቱ ሲቀርብ ፍሙ እንዲደምቅ ማድረግ ነበር። ኤችሲ ኤስአር 04 የተባለው ይህ ሴንሰር ጆሮ የማይሰማውን የ40 ኪሎኸርዝ ድምፅ ይለቅና ድምፁ ነጥሮ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ይቆጥራል፤ በማይክሮሰከንድ የተቆጠረው ጊዜ ለ58 ሲካፈል ርቀቱ በሴንቲሜትር ይገኛል። ከ2 ሴንቲሜትር እስከ 4 ሜትር ይለካል ተብሏል፤ ግድግዳ፣ በርና የመጽሐፍ ሽፋን ፊት በትክክል ለካልኝ። ከዚያ እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ኮምፒውተሩ ላይ የሚወርደው ቁጥር 81 ካለ በኋላ 79፣ ቀጥሎ ዜሮ፣ ቀጥሎም 300 እያለ መዝለል ጀመረ። «ጋቢዬን ላውልቀው እንዴ?» አለችኝ። ምክንያቱም እርሱ ነበር፤ ለስላሳና ወፍራም ጥጥ ድምፁን ውጦ ያስቀረዋል እንጂ አይመልሰውም። ሴንሰሩ የተሠራበት ጠባይ ነውና ጉድለቱን በሳጥኑ ላይ አላሳብብም። ሆኖም ጋቢና ነጠላ ለብሶ በሚመጣ ሰው ፊት ለሚቆም የቡና ሥራ ይህ ሴንሰር ሊታመን እንደማይችል ያወቅሁት ዕቃውን በእጄ ይዤ፣ በቤቴ ውስጥ፣ በራሴ ሰው ላይ በመሞከሬ ነው። ለዚህ ዓይነት ሙከራ መዋሉ ብቻ የሳጥኑን ዋጋ በዓይኔ ከፍ አድርጎታል።

ስለዚህ ከርቀት ወደ ብርሃን ዞርኩ። ረከቦቱን በሦስት ቦታ አስበስቼ በየሲኒው መቀመጫ ሥር አንድ አንድ የብርሃን ሴንሰር ቀበርኩ። ሲኒው ሲቀመጥ ጨለማ ነው፤ ሲነሣ ብርሃን ይገባል። ሲኒው በተቀመጠበት ንባቡ ከ50 በታች ስለነበር፣ ከ200 በላይ የሆነውን ሁሉ «ተነሥቷል» ብሎ እንዲቆጥር አዘዝኩት፤ ቀትር ላይም ያለ እንከን ሠራ። ማታ በደካማ አምፖል ስሞክረው ግን ሲኒው ተነሥቶም ንባቡ 180 ላይ ቀረ፤ ረከቦቱም ሳይሰማ ዝም አለ። በተቃራኒው ጠዋት ፀሐይ በቀጥታ ሲያርፍበት የሲኒው ስስ ሸክላ ራሱ ብርሃን ያሳልፍና ማንም ሳይነካው ቡናው መቆላት ይጀምራል። የሲኒዎቹን መቀመጫ ከውስጥ በጥቁር ቀለም ቀባሁ። ቀጥሎም አራተኛ ሴንሰር ለብቻው ገዝቼ፣ ምንም ሳይከደንበት ረከቦቱ ጠርዝ ላይ አኖርኩት። አሁን ቦርዱ የሦስቱን ንባብ ከቋሚ ቁጥር ጋር ሳይሆን ከዚህ ከአራተኛው ጋር ያነጻጽራል፤ ክፍሉ ሲጨልም መለኪያውም አብሮ ይወርዳል፣ ሲነጋም አብሮ ይወጣል። በዚህ ላይ ለመነሣት አንድ ወሰን፣ ለመቀመጥ ደግሞ ከእርሱ ዝቅ ያለ ሌላ ወሰን ስሰጠው፣ እጅ ሲንቀጠቀጥ ድምፁ እየተቆራረጠ ያስቸግር የነበረውም ቀረ። ይህ መፍትሔ በሳጥኑ መመሪያ የትም ገጽ ላይ የለም፤ የሚያስፈልገው ዕቃ ግን ከአንድ ተጨማሪ ሴንሰር በስተቀር ሙሉ በሙሉ በሳጥኑ ውስጥ ነበር።

መመሪያውን ካነሣሁ አይቀር፣ ደካማው ክፍል እርሱ ነው። የመጣው በሲዲ ሲሆን የእኔ ላፕቶፕ የሲዲ ማጫወቻ የለውም። እንግሊዝኛው የተዛባ፣ ሥዕሎቹም የሽቦው ቀለም ከጽሑፉ ጋር የማይገናኝባቸው ናቸው። ቦርዱ ሲኤች 340 የተባለ የዩኤስቢ ቺፕ ስላለው፣ ኮምፒውተሩ እስኪያውቀው ድረስ ድራይቨር የተባለ አገናኝ ፕሮግራም መጫን ያስፈልግ እንደነበርም በመመሪያው ውስጥ አላገኘሁም፤ በዚህ አንድ ሙሉ ቅዳሜ አለፈኝ። ከሁሉ የከፋው ግን ምሳሌ የተባሉት ኮዶች በሙሉ ዲሌይ በተባለው የማቆያ ትእዛዝ የተሠሩ መሆናቸው ነው። ዲሌይ ቦርዱን ባለበት ያቆመዋል። ፍሙን ለሁለት ሰከንድ እንዲያደምቅ ሳዘው፣ በእነዚያ ሁለት ሰከንዶች ውስጥ የተነሣን ሲኒ ጨርሶ አያየውም። አንድ አምፖል ለማብራትና ለማጥፋት በቂ ነው፤ ሰው በፈለገው ቅጽበት ለሚነካው ሥራ ግን አይሆንም። መፍትሔው ሚሊስ በተባለው ትእዛዝ ሰዓቱን እያዩ መሥራት ነው፦ ቦርዱ ሳይቆም «ካለፈው ጊዜ ወዲህ ስንት ሚሊሰከንድ ሆነ?» ብሎ ራሱን እየጠየቀ፣ በመካከሉ ሦስቱንም ሲኒዎች ይጎበኛል። የሰው እጅ የሚገባበት ሥራ የሚያስብ ጀማሪ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ይህንን ቢለምድ፣ እኔ የጠፋብኝን አንድ ወር ያተርፋል።

ድምፅን በተመለከተ ሳጥኑ ፈጽሞ አያደርስም። አብሮት የሚመጣው ጢጥ የምትል ትንሽ ባዘር ናት። የቦርዱ ማኅደር 32 ኪሎባይት ብቻ በመሆኑ፣ የተቀዳ ድምፅ ጥራቱን እጅግ ዝቅ አድርጌ በሰከንድ 8,000 ባይት ብቻ እንዲወስድ ባደርገው እንኳ ከአራት ሰከንድ በላይ አይይዝም፤ ኮዱ ራሱም ከዚያው ላይ ቦታ ይወስዳል። የአንዲት አዛውንት ምርቃት በአራት ሰከንድ አያልቅም። ስለዚህ ዲኤፍ ፕሌየር ሚኒ የተባለውን፣ ኤምፒ3 ከሚሞሪ ካርድ የሚያጫውት ጣት የምታህል ሰሌዳና አንድ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ለብቻ መግዛት ግድ ሆነብኝ። በቦርዱና በእርሱ መካከል በትእዛዝ መላኪያው ሽቦ ላይ 1 ኪሎኦም ሬዚስተር ሲገባ ከጀርባ የሚሰማው ጩኸት ይቀንሳል፤ በስሕተት ያስቸገረኝ ያ ሬዚስተር እዚህ ላይ ትክክለኛ ቦታውን አገኘ። የዘነዘናው ምት ከረከቦቱ ሥር ሲወጣ መጀመሪያ የሰማሁት ቀን እናቴ ከማድ ቤት ወጥታ ማን እየወቀጠ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ሰርቮ ሞተሩን ጀበናውን ለማዘንበል አስቤው ነበር። ዘጠኝ ግራም የሚመዝን ሞተር የሸክላ ጀበና አያነሣም፤ በዚያ ላይ የሰርቮው ኮድ ሲገባ 9 እና 10 ቁጥር እግሮች ብርሃን ማደብዘዝ ያቆማሉ። ተውኩት፤ ለሥራውም የተሻለ ሆነ።

ለመግዛት ለሚያስብ ሰው የምለው እንዲህ ነው። ዋጋው፣ ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ዕቃ ሁሉ እንደወጣው ወጥቷል፤ እኔ የከፈልኩት ለአንድ ወር ያህል በአክሪሊክና በሸራ ከማጠፋው ጋር እኩል ነው። ለዚያ ዋጋ የሚገኘው ትምህርት ተገቢ ነው እላለሁ፤ ነገር ግን ትልቁን ሳጥን መግዛት አያስፈልግም። ሪሞቱ፣ የጽሑፍ ማሳያውና የቁጥር ሰሌዳው እንደታሸጉ ናቸው። ቦርድ፣ ብሬድቦርድ፣ ሽቦ፣ ሬዚስተርና ጥቂት ሴንሰሮች ብቻ ያሉበትን አነስተኛውን ኪት ወስዶ፣ በተረፈው ገንዘብ መልቲሜትር መግዛት ይሻላል። ሱቁ ውስጥ እያሉ ቦርዱን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ መብራቱ መብራቱን፣ የጃምፐር ሽቦዎቹም ጫፍ ያልላላ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል፤ ከእኔዎቹ ሰባቱ በሁለተኛው ወር ውስጣቸው ተበጥሷል። ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው የብሬድቦርዱ የዳር መስመር መሐሉ ላይ የተቋረጠ እንደሆነም ቀይና ሰማያዊው መስመር መሐል ላይ ክፍት ቦታ ያሳያል። እኔ ይህንን ሳላስተውል የበረካው ሴንሰር ኤሌክትሪክ ሳይደርሰው ሦስት ቀን ቆይቷል። ከሁሉ በላይ ግን ሳጥኑን የሚከፍት ሰው በእጁ አንድ ሥራ ይዞ ቢከፍተው ብዙ ያተርፋል። በመመሪያው ቅደም ተከተል የሄድኩባቸው ሳምንታት ብዙ አልቀሩብኝም፤ ሲኒው አልናገር ያለኝ ሌሊቶች ግን ሁሉም ቀርተውልኛል።

የመጨረሻው ችግር የመጣው ከኃይል ነው። መብራት ቢጠፋም ሥራው እንዳይቆም በፓወር ባንክ አያያዝኩት። ድምፅ ሲያሰማ ደኅና ይሠራና ዝም ባለ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይሞታል። ቦርዱን መርምሬ ምንም ሳጣበት፣ ኋላ ላይ ምክንያቱ ፓወር ባንኩ ሆኖ ተገኘ፤ ብዙዎቹ ፓወር ባንኮች የሚሳበው ኃይል እጅግ ሲያንስ ስልኩ ሞልቷል ብለው ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ ቦርዱ ብቻውን የሚወስደው ደግሞ ወደ 50 ሚሊአምፔር ገደማ ነው። ፍሙ ሳይነካ ሲቆይ ጨርሶ እንዲጠፋ ነበር የነደፍኩት፤ የሚያጠፋውም ይኸው ነበር። የብርሃኑ መጠን ከዜሮ እስከ 255 ስለሆነ ዝቅተኛውን ቁጥር እያሳደግሁ ሌሊቱን ሞከርኩ። 60 ላይ ጠፋ፣ 80 ላይም ጠፋ፤ 90 ላይ እስኪነጋ ቆየ። ኮዱ ላይ ዝቅተኛውን ወሰን እዚያው ላይ አቆምኩት፤ አሁን ማንም ሳይነካው ባደረበት ሌሊት ሁሉ ከጀበናው ሥር ያለው ብርሃን እንደተዳፈነ እሳት ቀላ ብሎ ያድራል።